«ኦሜፕራዞል ስጪኝ»፦ ጦርነት ጎረቤት ሲሆን ራስንና ቤትን መያዝ

በከተማችን ዳርቻ ተኩስ በተሰማ ማግስት ከፋርማሲዬ መደርደሪያ ላይ ቶሎ የሚያልቀው ፋሻ አይደለም። ኦሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ መድኃኒት ነው። ቀጥሎ የራስ ምታት ኪኒን። ከዚያ ደግሞ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚያስተኛ ነገር የለሽም?» የሚል ሰው ይመጣል።

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 አካባቢ ነው። ሰው «ዶክተር» ይለኛል። አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ማስተካከሉ ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን የአእምሮ ሐኪም ጻፈው ብላችሁ እንዳታነቡት። ከመስኮቱ ጀርባ ቆሜ የማየውንና ከሙያዬ የማውቀውን ነው የምነግራችሁ።

እነዚህ ደንበኞቼ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አልቆሰሉም። ቤታቸው አልተቃጠለም። ጠመንጃ ይዞ የወጣ ልጅም የላቸውም። «እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩም፤ የባሰ አለ፣ ተመስገን ነው። ብቻ ይቺ ጨጓራዬ...» ይላሉ። «ጋሼ፣ ጨጓራው መቼ ጀመረዎት?» ስል ትንሽ ያስባሉ። «እንጃ... መንገዱ የተዘጋ ሰሞን መሰለኝ።»

ጦርነቱ ያልነካው፣ ግን አጠገቡ ያለ ሰው ይታመማል። ይህ የእኛ ከተማ ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኢራቅ የእስራኤልን ከተሞች በሚሳኤል መምታት የጀመረችው ጥር 18 ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ የሞት መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ በዚያ አንድ ቀን የሞተው ሰው ከሚጠበቀው በ58 በመቶ በልጦ አገኙት። ሚሳኤል ያረፈባቸው ሰዎች አይደሉም። ጭማሪው በአብዛኛው የልብና የደም ሥር ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርም እንዲሁ ነው የሆነው። በ17 የአውሮፓ አገሮች የተደረገ ጥናት፣ ጥይት ባልተተኮሰባቸው አገሮች ሳይቀር የሰዉ ስሜት በዚያው ሰሞን ማሽቆልቆሉን አሳይቷል።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ሰውነት አደጋ የመሰለውን ሲሰማ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ምግብ መፍጨቱ ለጊዜው ይዘገያል። ተኩሱ ከከተማ ውጭ ይሁን አጥራችሁ ሥር፣ ሰውነት አይለይም። ለአንድ ሰዓት ሲሆን ደግ ነው፤ ነፍስ ያድናል። ለወራት ሲሆን ግን ጨጓራ ያቃጥላል፣ አንገትና ራስ ይይዛል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሰው ከሚስቱም ከልጁም ጋር በትንሽ በትልቁ ይነታረካል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «ምንም አልሆንኩም» ማለትን መተው ነው። ለምታምኑት ለአንድ ሰው «ከዚህ ጊዜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም» በሉ። የባሰበት ሰው መኖሩ የእናንተን ሕመም አያድነውም። ፈጣሪን ማመስገን ሌላ፣ ሕመምን መደበቅ ሌላ።

ድምፅ ሲያስደነግጣችሁ

ኅዳር 4 ቀን 2013 ለሊት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት የተተኮሰ ጊዜ፣ እኔ ትራንስፎርመር የፈነዳ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ሰዉ ሮኬት ይመስለዋል። ሐምሌ ላይ የጣና ነጎድጓድ አለ። የሠርግ ርችት አለ። ነፋስ የሚያላትመው የቆርቆሮ በር አለ። ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ የቡሄ ጅራፍ። በጅራፍ ጩኸት ከወንበሩ ዘሎ የተነሳ ትልቅ ሰው አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ እፍረቱ ከድንጋጤው ባሰበት።

አትፈሩበት። መደንገጥ ሰውነት ሥራውን መሥራቱ ነው። ከድንጋጤው በኋላ የምታደርጉትን ግን መማር ይቻላል።

ድምፁ ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። «ነጎድጓድ ነው።» «ጅራፍ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ናቸው።» በሆዳችሁ ሳይሆን በአፋችሁ። ከዚያ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አሳርፉ። አየር በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። የማስወጣቱ መርዘም ነው ልብን የሚያረጋጋው። ይህን ጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት። ቀጥሎ ዙሪያችሁን እያያችሁ የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ፦ ጀበና፣ ሶፋ፣ የልጁ ጫማ፣ መጋረጃ፣ የግድግዳ ሰዓት። የማይረባ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ሳቅ ብዬበታለሁ። ሐሳብን ከ«ቢሆንስ» ወደ «አሁን» የሚጎትት ነገር ስለሆነ ይሠራል።

በእርግጥ ተኩስ ከሆነ ደግሞ መተንፈሻው ቆይቶ ይደርሳል። ከመስኮትና ከበር ራቁ። ዝቅ በሉ። ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተጠጉ። ለማየት አትውጡ። ድምፁ ካቆመ በኋላ እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ቢመጣ፣ ልቅሶ ቢያስቸግር ያልተለመደ አይደለም። ውኃ ጠጡ፣ ጥቂት ነገር ቅመሱ፣ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ። ቡና ለማፍላት አትቸኩሉ፤ የፈጠነ ልብ ላይ ካፌይን መጨመር ነው።

ቡሄን በተመለከተ፣ «ጅራፍ ይከልከል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ልጆቹ የቀራቸውን ደስታ መንጠቅ ነው። ሲመሽ እንዳያጮኹት ማስማማት ግን ይቻላል። ቤታችሁ ከገጠር ሸሽቶ የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ቀድማችሁ «ነገ ልጆቹ ጅራፍ ያጮኻሉ» በሉት። አስቀድሞ የታወቀ ድምፅ ግማሽ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ወሬ

ወሬ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ። ጉዳቱ ከድምፁ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ቦስተን በሚባለው የአሜሪካ ከተማ የማራቶን ሩጫ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ተመራማሪዎች በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰዎችን ጠየቁ። በፍንዳታው ሳምንት ስለ ፍንዳታው በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ በቴሌቪዥንና በስልክ የተከታተሉት ሰዎች፣ እዚያው ቦታ ላይ ከነበሩት ይበልጥ ከፍተኛ የጭንቀት ምልክት አሳዩ። ቦታው ላይ የነበረው ሰው ያየው አንድ ጊዜ ነው። ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ሰው ግን ያንኑ ፍንዳታ ደግሞ ደጋግሞ አየው።

እንግዲህ የእኛን ስልክ አስቡት። ቴሌግራሙ፣ ፌስቡኩ፣ የቲክቶክ ላይቩ። አንዱ የድል ዜና ያወራል፣ ሌላው ያንኑ ቦታ በሌላ ስም ይጠራዋል፣ ሦስተኛው ሬሳ ያሳያል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ኔት ሲጠፋ ወሬ አይጠፋም። እንዲያውም በባጃጅና በጉሊት ሲዞር ያብጣል። ጠዋት «ሁለት ሰው» የነበረው ከሰዓት ሃያ ይሆናል።

ቤቴ ውስጥ የያዝነው ሥርዓት ይህ ነው። ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

ዜና በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ። አንዴ ከቁርስ በኋላ፣ አንዴ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ። ከአልጋ ሳይወረድ ዜና የለም፣ ከእራት በኋላም ዜና የለም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሰማችሁትን መጥፎ ነገር በዚያ ሰዓት ምንም ልታደርጉበት አትችሉም፤ ይዛችሁት ትተኛላችሁ እንጂ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁ ከአልጋው ርቆ፣ ቁም ሣጥን ላይ። ለማንቂያ ነው የምፈልገው የምትሉ፣ የድሮዋ ደወል ያላት ሰዓት ገበያ ላይ አሁንም አለች።

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ዜና ተከታታይ ይሁን። ረጋ ያለው። እኛ ቤት ባለቤቴ ነው፤ እኔ ስከታተል ፊቴ ላይ ይነበባል ብለውኛል። አስቸኳይ ነገር ካለ እሱ ይነግረናል። መንገድ ተዘግቷል፣ ትምህርት የለም፣ ሰዓት እላፊ አለ፤ ይኼው ነው የሚጠቅመን። ሌላው ትንተና ይቆይ።

ወሬ ይዞ ለመጣ ሰው ሦስት ጥያቄ፦ አንተ አይተኸዋል? የት ነው? መቼ ነው? ካላየው፣ ቦታውንም ቀኑንም ካላወቀ፣ ወሬው እናንተ ጋ ይቁም። ከፋርማሲው መስኮት ላይ ስንቱን ወሬ በዚህ እንዳቆምኩት ብነግራችሁ! ሰዉ ቅር ይለዋል። ይበለው።

የሬሳና የቁስለኛ ቪዲዮ አትክፈቱ፣ አትላኩ። «ዓለም ይወቅልን ብዬ ነው» የሚል አለ። ዓለም የሚያውቅበት ሌላ መንገድ አለ። ለእህታችሁ ስልክ የላካችሁት ቪዲዮ ግን የሚያውከው እህታችሁን ነው። በዚያ ላይ የሟቹ እናት ልታየው ትችላለች።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ወንድሜ አሜሪካ ነው። ስለ ባሕር ዳር ከእኔ በላይ ያውቃል። «ፋሲሎ ላይ ተኩስ አለ አሉ፣ ደህና ናችሁ?» ብሎ በድንጋጤ ይደውላል። እኔ ፋሲሎ ሽንኩርት እየገዛሁ ነው። አልፈርድበትም፤ ርቀት ፍርሃትን ያበዛዋል፤ ማየት የማይችል ሰው ሁሉንም ያምናል። አሁን እሁድና ረቡዕ እንደዋወላለን። ሰዓቱ የታወቀ ነው። በመሃል ዝም ካልኩ «ደህና ነኝ ማለት ነው» ብለን ተስማምተናል። ስንደዋወል መጀመሪያ ስለ ምግብ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ እማዬ ጉልበት እናወራለን። ጦርነቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ከመጣ። ውጭ ያላችሁ አንባቢዎች «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምሳ ምን በላችሁ?» በሉ። ሰው ያወራል፤ ሁኔታውን ከአወራሩ ትሰማላችሁ።

ቡናው፣ ጫቱና ኪኒኑ

ቡና ይቅር አልልም። ጎጃም ተቀምጬ እንዲህ ብዬ በሰላም አልኖርም። ደግሞም የጎረቤት ቡና ካለን መድኃኒት ሁሉ ርካሹ ነው፤ ሰው ሰውን የሚያየው እዚያ ነው። ሰዓቱን ብቻ አስተካክሉት። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችን ውስጥ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተፈላ ቡና ለሊት 6 ሰዓት ላይ ጣራ ያስቆጥራችኋል። የማታውን በጦስኝ ሻይ ለውጡት፤ ፈንዲሻው ይቀጥል።

በእኛ ሰፈር ቡና ላይ አንድ ደንብ አውጥተናል። አቦል ላይ የጦርነት ወሬ ይፈቀዳል። ከቶና ጀምሮ ክልክል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቶናው በዝምታ ይጠጣ ነበር፤ የሚወራ ጠፋ። ቀስ በቀስ የዘይት ዋጋ፣ የእከሌ ሠርግ፣ በጣና ላይ ያለው እምቦጭ ተመለሰ። በረካ ላይ ሳቅ አለ አሁን። በተለይ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ደንቡን ለሚጥስ ሰው ስኒውን መልሰው ይወስዱበታል።

ጫት የሚቅም ሰው የሚነግረኝ «ሐሳቤን ያስረሳኛል» ብሎ ነው። ያስረሳዋል፣ ለጥቂት ሰዓት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ለዚያ ጨብሲ ይፈለጋል፤ አረቄው ያስተኛውና ለሊት 9 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ ያነቃዋል። ጠዋት ደክሞ፣ ተናዶ፣ ጨጓራው ነዶ ወደ እኔ ይመጣል። በአንድ ጊዜ መተው ካቃተ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አለመቃምና በዚያ ቀን አለመጠጣት ጥሩ ጅማሮ ነው።

አሁን ወደ «የሚያስተኛው ነገር»። ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም። እኔ ጋ መጥታችሁ ብትለምኑኝ ቅር አይለኝም፣ ግን አልሰጥም። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዘው ይጠቅማል። በየቀኑ ሲወሰድ ግን በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደዋል። አንዷ አታስተኛም፣ ሁለት ትፈለጋለች። በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዱን ሰው እስከ ማንዘፍዘፍ ያደርሰዋል። ከአረቄ ጋር ሲሆን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ትራማዶልም ያው ነው፤ የሕመም ማስታገሻ እንጂ የጭንቀት መድኃኒት አይደለም። «ጎረቤቴ ሰጠችኝ፣ ለእሷ ተስማምቷታል» የሚባል ነገር ይቅር። ደረጃዋን ጠብቃ ስትወስድ የቆየችውን ሰው ኪኒን እናንተ በአንድ ማታ ትውጣላችሁ።

የጨጓራውንም ነገር ልጨርሰው። ማቃጠል ሁሉ ጭንቀት አይደለም። ጨጓራን የሚያቆስል ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ በአገራችን በብዛት አለ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ለመዋጥ ካስቸገረ ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ነው መሄድ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመምም እንዲሁ። «ድንጋጤ ነው» ብላችሁ አትተኙበት፤ የእስራኤሉን ቁጥር ያነሳሁት ለዚህም ጭምር ነው።

እንቅልፍ በኪኒን ካልሆነ በምን? በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ ሌሊቱ ቢከፋም። ቀን አትተኙ። አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱና ደብዘዝ ባለ ብርሃን አንድ አሰልቺ ነገር አድርጉ፤ ምስር ልቀሙ፣ ልብስ እጠፉ፣ ዳዊት ድገሙ። ሲያንጎላጅጃችሁ ተመለሱ። ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ሰዎች ከመተኛት ሁለት ሰዓት በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። አንድ መስመር ጭንቀቱ፣ ከጎኑ ነገ የሚደረግ አንድ ነገር። የሚደረግ ነገር ከሌለ «የለም» ብላችሁ ጻፉ።

እንቅስቃሴ ስለሚባለው ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከተማችን ሜዳ ናት፣ የሳይክል ከተማ ናት። ጠዋት ሲረጋጋ በጣና ዳር ከአንድ ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት መራመድ በቂ ነው። ብቻችሁን አይሁን፣ ስልክ እያያችሁም አይሁን።

«እኔ እዚህ እየበላሁ...»

አንዲት እናት አሉ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ከእኔ ይወስዳሉ። ወንድማቸው ገጠር ነው፤ ስልክ አይነሳም። «ልጄ፣ እንጀራው አልወርድ አለኝ» አሉኝ። «እነሱ ምን እየበሉ እንደሆነ ሳላውቅ።» እንዲህ ያለው ጥፋተኝነት በእኛ ከተማ ከፍርሃቱ እኩል ነው ብዬ አስባለሁ። ያልተነካ ሰው ስላልተነካ ያፍራል።

ባለመብላት የሚጠገብ ዘመድ የለም። ለእማማ ያልኳቸው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ መድኃኒትዎን በምግብ ይውሰዱ፤ ወንድምዎ ሲደውል ወድቀው እንዳያገኝዎ። ሁለተኛ፣ የሚችሉትን ልክ ወስነው ይስጡ። በወር ይህን ያህል ብር፣ ወይም ይህን ያህል ጤፍ፣ በዕድሩ በኩል ለተፈናቀለ ቤተሰብ። ልክና ቀን ያለው ስጦታ ሕሊናን ያሳርፋል። ልክ የሌለው ግን ሰጪውንም ይጥለዋል።

ዘመድ ቤታችሁ ያስጠለላችሁ ደግሞ አላችሁ። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው። የቤቱ እመቤት ከለሊት እስከ ለሊት እንጀራ ስትጋግር ትውላለች፣ ማንም «አንቺስ?» አይላትም። ለእንግዳው ሥራ ስጡት። ውኃ ይቅዳ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርስ፣ ቡናውን ትቁላ። ሥራ የሌለው እንግዳ ቀኑን ሙሉ ያየውን ሲያይ ይውላል። ያየውን ግን «ንገረን እስኪ» ብላችሁ አትቆስቁሱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ላይ ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ተመልከት፣ አድምጥ፣ አገናኝ። አስጨንቀህ አስወራው አላለም። ሲፈልግ ያወራል፤ ያኔ ጆሮ ስጡት።

ልጆች

ሰፈሬ ያሉ ልጆች ገመድ መንገድ ላይ ይዘረጉና «መታወቂያ!» ይላሉ። የፍተሻ ጨዋታ ነው። ጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ይቆጧቸዋል። እኔ መታወቂያዬን አወጣለሁ፤ አገላብጠው አይተው «እለፊ» ይሉኛል። ልጅ የፈራውን ነገር በጨዋታ ያላምጠዋል፣ ተዉት። ጨዋታው ሁልጊዜ አንዱን ልጅ በመደብደብ ካለቀ፣ ወይም ልጁ ሳይስቅ፣ ፊቱ ደርቆ ያንኑ ነገር ብቻ ከደገመ ግን ጠጋ በሉ። «ቁስለኛውን የሚያክመውስ ማነው?» ብላችሁ ሌላ መውጫ አሳዩት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም እዚያ የሕፃናት ማቆያ ነበራቸው። ያስተዋሉት፣ ትንንሾቹ ልጆች ፍርሃቱን ከቦምቡ ይልቅ ከእናታቸው ሁኔታ እንደሚወስዱ ነው። እናት ከተረጋጋች ልጁም ይረጋጋል። ይህን የምለው እናቶች ላይ ሌላ ሸክም ለመጫን አይደለም። ፈርታችሁም ቢሆን «እኔም ደንግጫለሁ፣ አሁን ግን አብረን ነን፣ በሩ ተዘግቷል» ማለት ይቻላል። ልጁ በጆሮው የሰማውን «ምንም የለም» ብላችሁ አትካዱት፤ ሌላ ጊዜ አያምናችሁም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰዓቱ ይጠበቅ። በዚያው ሰዓት ይነሳ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ደብተሩን ይያዝ። አልጋ ማርጠብ የጀመረ ትልቅ ልጅ ካለ አታሳፍሩት፣ ለእንግዳም አታውሩበት። ላስቲክ አንጥፉ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ውሰዱት። በአብዛኛው ቤቱ ሲረጋጋ አብሮ ይሄዳል።

መንገድ ከመዘጋቱ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉብኝ። ፋርማሲዬ ውስጥ ከማየው ሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ለዓመታት ደህና ሆኖ የኖረ ሰው መድኃኒቱ ስለተቋረጠ ብቻ ሕመሙ ሲመለስበት ነው።

የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የስኳር፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ሳይሆን የሁለት ሳምንት ሲቀረው ግዙ። አቅም ካለ የአንድ ወር ትርፍ ይኑራችሁ። እንደ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ተደራርቦ ሊጥል ይችላል። በወር በወር መርፌ የሚወጋ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡት። ኢንሱሊን የምትጠቀሙ፣ መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ውኃው ውስጥ ግን አትንከሩት።

የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። «ያቺ ቀይና ነጯ ኪኒን» ትሉኛላችሁ። መደርደሪያዬ ላይ ቀይና ነጭ የሆነ ስንት ኪኒን እንዳለ ብታዩ!

ጸበል የምትሄዱ፣ ሂዱ። ጸሎትም ስግደትም፣ መስጊድም ቤተክርስቲያንም ሰውን ከብቸኝነት ያወጣሉ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ይህን የሚመክሩ አባቶችም አሉ።

ሐኪም ጋ መቼ

እንቅልፍ ማጣቱ፣ መረበሹ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየና ሥራችሁን፣ ምግባችሁን ወይም ልጅ መያዛችሁን ካደናቀፈ ጊዜው ነው። ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው የሚል፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚለፈልፍ ሰው ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ሰው ከሰማችሁ በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ማለት ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል። ብቻውን አትተዉት። የአይጥ መርዝ፣ የእህል ተባይ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ከቤቱ ይውጣ፣ ትርፍ ኪኒንም ሌላ ሰው ይያዘው። በዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ አድርሱት።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ቅርባችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ማስጻፍም ትችላላችሁ። ስትሄዱ አብሯችሁ የሚኖር አንድ ሰው ይምጣ፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ጫቱና ስለ አረቄው አትዋሹ። ሐኪሙ አይፈርድባችሁም፤ መጠኑን የሚወስነው በዚያ ነው።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙት ብዙዎቹ ለውጥ ለማሳየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊኖር ይችላል፤ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት፣ ከባሰባችሁ ግን ወዲያው ተመለሱ። በቀጠሮው ቀን መንገድ ቢዘጋ ያለቀውን የኪኒን ማሸጊያ ይዛችሁ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሂዱ። ስሙና ሚሊግራሙ ከጀርባው ተጽፏል።